የሰሜን ተረኛ

«ካንቺ በፊት እዚያ ቤት የሠራችው ልጅ ድምፅዋ ተዘግቶ ቀረ» ይላሉ እትዬ ስንታየሁ። ባለፈው ወር ሲያወሩት ልጅቷ የሠራችው አንድ ሳምንት ነበር፤ አሁን ሲያወሩት ሦስት ቀን ሆኗል። ትንሽ ቢቆዩ ገና በሩን ሳታንኳኳ ነው ድምፅዋ የተዘጋው ማለታቸው አይቀርም።

እትዬ ስንታየሁ የቸርቹ መዘምራን ኃላፊ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፋዮን ከሥራ ወደ ልምምድ በመኪናቸው የሚያደርሷትም እሳቸው ስለሆኑ ከወሬው ማምለጫ የላትም።

«ልጅቷ ስሟ ማነው?» አለቻቸው ዛሬ ጠዋት በስልክ።

«ስሟ ምን ያደርግልሻል? ሴትዮዋ ጠንቋይ ናት። የትንሣኤን ሶሎ ላንቺ ሰጥቻለሁ። እዚያ ቤት በበዓላቸው አብረሻቸው ቆመሽ ካየሁሽ ግን ለሜቲ ነው።»

ፋዮ ያንን ሶሎ፣ ለብቻ የሚዘመረውን መዝሙር፣ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ሜቲ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይባርካትና፣ ስትዘምር በር የተቆለፈባት ድመት ነው የምትመስለው።

ቤቱ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ዌስት ሴንት ፖል ነው። የቤቱ ባለቤት ኢንግሪድ የሰማንያ አንድ ዓመት አሮጊት ናቸው፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ፋዮ ታጥባቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች፣ ሲከፋቸው ታስቃቸዋለች። ፔገን ነኝ፣ የጥንት አማልክትን ነው የማመልከው ይላሉ። ቄስም መጽሐፍም የላቸውም፤ ከአያቶቻቸው አገር ከኖርዌይ ጥቂት፣ ከአየርላንድ ጥቂት፣ ከገዛ ጓሯቸውም ጨምረው የሠሩት እምነት ነው። ፋዮ በልቧ «ማኅበራዊ» ብላዋለች፤ ከሁሉም ወጥ ትንሽ ትንሽ፣ ባንድ ትሪ።

ዛሬ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት፣ የስፕሪንግ መግቢያ በዓላቸው ነው። ጓሮ ውስጥ ክብ ሠርተው በአራቱ አቅጣጫ ይቆማሉ፤ ምሥራቅ ለነፋስ፣ ደቡብ ለእሳት፣ ምዕራብ ለውኃ፣ ሰሜን ለመሬት። ሰሜን ላይ ትቆም የነበረችው ጓደኛቸው በጥር ሞታለች።

እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ ፋዮ ደረጃው በረዶ መጋገሩን አየች። ጋራዥ ያለው የበረዶ ጨው አልቋል። እነዚህ አሮጊቶች እዚህ ላይ ቢንሸራተቱ የምትሞላው ፎርም ብዛት ታያት። ለበዓሉ በተሰናዳው ጠረጴዛ ላይ፣ ከሻማውና ከላባው አጠገብ፣ አንድ ሳህን ጨው ተቀምጧል። አንስታ ከላይ እስከ ታች በተነችው።

ኢንግሪድ ባዶውን ሳህን አዩ። ቀጥለው በመስኮት ደረጃውን አዩ።

«የሰሜኑን ጨው በተንሽው?»

«እግር ከሚሰበር ብዬ ነዋ! ኪችን ሌላ አለ፤ ላምጣ?»

ኢንግሪድ የሚደገፉት ዎከር እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እኛ ደጃፍ ላይ ጨው የምንበትነው ቤቱ እንዲጠበቅ ነው። ማንም ሳይነግርሽ የሰሜንን ሥራ ሠራሽ። ቦታዋ ላይ ቁሚልኝ፣ ፋዮ። ባዶውን ማየት አልቻልኩም።»

«የእናንተን አማልክት አልጠራም።»

«ማን ጥሪ አለሽ? የራስሽን ጥሪ። እዚህ ማንም ማንንም አያስፈቅድም።»

ፋዮ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ተኩል። እትዬ ስንታየሁ የሚደርሱት አስር ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ያልቃል ብላ ሰሜን ላይ ቆመች። ወዲያው በራሷ ተናደደች። ምን የሚያስደብቅ ጸሎት አላት?

አላለቀም። ምሥራቅ ላይ የቆሙት ባርብ ለነፋስ የጻፉት ግጥም እንደ ሚኒሶታ ክረምት ማብቂያ የለውም። የፋዮ ተራ ሲደርስ አጥሩ አጠገብ መኪና ቆመ።

«ፋዮ! ነይ ውጪ!» እትዬ ስንታየሁ ናቸው። «አልነገርኩሽም?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ኢንግሪድ ነገሩ ገብቷቸው፣ ከክቡ እንድትወጣ በእጃቸው አየሩ ላይ በር ይከፍቱላት ጀመር፤ ክቡን ዝም ብሎ ጥሶ መውጣት የለም። ሶሎው አጥሩ ማዶ የመኪና ቁልፍ ይዞ ቆሟል። ኢንግሪድ ደግሞ እዚህ፣ እያዘኑም ቢሆን በሩን እየከፈቱላት ነው።

«ይቆዩኝ እትዬ፣ ተራዬ ነው» አለች ፋዮ። ዓይኗን ጨፈነች፤ በአማርኛ፣ ለትንሣኤ ባስቀመጠችው ድምፅ፣ ጸለየች። «መሬትን የሠራህ ጌታ ሆይ፣ ይህን ክረምት ስላሻገርከን ተመስገን። ኢንግሪድ ጓደኛቸው ናፍቃቸዋለች፤ አጽናናቸው። ዳሌያቸውንም አጠንክርላቸው። በኢየሱስ ስም።»

«አሜን!»

ከሁሉም የጎላው አሜን የመጣው ከአጥሩ ማዶ ነው። እትዬ ስንታየሁ በጓንታቸው አፋቸውን ያዙ፤ ግን ረፍዷል፣ ባርብ እንኳ እጃቸውን እያውለበለቡላቸው ነው።

ክቡ ሲፈታ ፋዮ ወደ አጥሩ ሄደች።

«ኢየሱስን ነው የጠራሽው» አሉ እትዬ፣ መክሰሳቸው ይሁን መደነቃቸው ሳይለይ።

«ታዲያ ማንን ልጥራ?»

«ድምፅሽስ?»

«ሰሙት አይደል? ሶሎውን ለሜቲ ይስጡታ።»

እትዬ ስንታየሁ ቁልፋቸውን አገላበጡ። «ሜቲን ጉንፋን ይዟታል።»

«ጠዋት ደህና አልነበረች?»

«አሁን ይዟታል አልኩሽ! ኮትሽን አምጪ።»

ፋዮ ሳቋን ውጣ ተመለሰች። ኢንግሪድ እጇን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። ባርብ ዳቦ እየቆረሱላት፣ «ደስ ሲል!» አሉ። «የሰሜኗ ከታመመች ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰሜን ላይ የምናቆመው የፕላስቲክ ወንበር ነበር።»