የእርጥብ ክብሪት የመጀመሪያ ሸክላ

በሎረንስ ከተማ ቀርቶ በመላው ካንሳስ እንደ ኬንድራ ያለ ጆሮ የለም። ይህን የምትለው ራሷ ኬንድራ ናት። «እርጥብ ክብሪት» የተባለው የሮክ ባንድ ባስ በሚጫወተው በዴል ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ከተመሠረተ ጀምሮ ጊታር የምትጫወተውም፣ የምትዘፍነውም፣ የምትፈርደውም እሷ ነበረች። ከበሮ መቺዋን ማርሲን መውጫ መግቢያ አሳጥታታለች።

«ትጎተቻለሽ፣ አንቺ ልጅ። ሸክላ ላይ ያሉት እንዴት እንደሚሮጡ አትሰሚም?»

«ክንዴ ሊገነጠል ነው፤ ሌላ ምን ላድርግልሽ?»

የመጀመሪያ ሥራቸው ቤት ውስጥ እያባዙ ትምህርት ቤት ደጃፍ የሸጡት ካሴት ነበር። ሁለተኛው ግን እውነተኛ ሸክላ ነው፤ ሦስቱም በጋውን ሙሉ የሰው ሣር አጭደው ያጠራቀሙት እሱ ላይ አልቋል። ፋብሪካው ናሙና ሲልክ ኬንድራ «ለእኔ ተዉት» ብላ ወሰደችና ከአጎቷ በወረሰችው ማጫወቻ ሰማችው። ግሩም ነበር። ማርሲ እንኳ ትበራለች። ሌላ ሰው ሳይሰማው ደውላ «ይታተም» አለች።

ሸክላዎቹ በካርቶን መጡ። ዴል አንዱን አውጥቶ በራሱ ማጫወቻ ላይ ጫነው። ዘፈኑ ሲጀምር ኬንድራ ወደ ማጫወቻው ተጠጋች። ድምጿ ወፍሯል፤ ከበሮው እንደ ጠገበ ላም ያዘግማል። የሁላቸውንም በጋ ገደል ከተተችው፣ ያውም ብቻዋን።

«ፍጥነቱን ቀንሰው አትመውታል» አለች። «ናሙናው እንዲህ አልነበረም።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ ዴል። «ልክ እንደተጫወትነው ነው።»

ማርሲ ከመደርደሪያው ሌላ ሸክላ መዘዘች፤ ኬንድራም ቤቷ ያላት፣ በቃሏ የምትወጣው የሌላ ባንድ ሥራ ነው። አጫወተችው። እሱም ያዘግማል።

«ይሄም ቀርፋፋ ነው?»

«በጣም።»

«እሺ፣ ይሄንንስ ማን አበላሸው?»

ዴል ፀጉሩን አከከ። «ሬዲዮውም ይጎተታል ትዪ አልነበር፣ ኬን? የሚሮጠው ያንቺ ማጫወቻ ነው።»

ኬንድራ ቀስ እያለ ገባት። ሸክላቸው ደህና ነው። ምንም አልተበላሸም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቅና እንባ ተደባልቀው መጡባት። ዴል ዘፈናቸውን ደግሞ ሲያጫውተው፣ ቃላቱ አንድ በአንድ ሲሰሙ፣ እንዲያውም ያምር ነበር። ሲያልቅ ወኔዋ ተመልሶ ነበር።

«እንግዲህ ጆሮዬ አልተሳሳተም ማለት ነው» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ጥፋቱ የማሽኑ ነው።»

«ጆሮ ቢኖርሽማ» አለች ማርሲ፣ «አገር ሁሉ ሲጎተትብሽ ማሽንሽን ትጠረጥሪ ነበር።»