የለጠፍኩት አረንጓዴ ጉብታ

ቆቦ ውስጥ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው እንደ ሰው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ወንበር ስቦ ትከሻዬ ሥር ይገባና እያንዳንዱን ቃል ስክሪኑ ላይ በጣቱ እየነካ ያስጽፋል። ማንበብ የማይችለው ሳይቀር! ይሄ ልማድ ነው ሊያሳብደኝ የነበረው።

ከወንድሜ ከጋሹ ጋር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለን። ድሮ ኮምፒውተራችን ላይ የነበረው ክራክ የተደረገ፣ ሳይከፈልበት የተሰረቀ ዊንዶውስ ነው። ደንበኛው ፍላሹን ይሰካል፣ ቫይረሱን ያራግፍልናል፣ የሰው ጽሑፍ ይጠፋል፤ ስድቡን የምቀበለው እኔ ሙሚና! ሲያንገሸግሸኝ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫንኩ። የማንንም አልሰረቅኩ፣ ከዚያ ወዲህ የማንም ጽሑፍ አልጠፋብኝም።

ግን ማን ሊሰማኝ! «ይሄ ደግሞ ምንድነው? የምናውቀው ኮምፒውተር የታለ?» እያሉ ጎረቤት ያለው ጸሐፊ ጋ ይሄዳሉ። የዋጃው ገበሬ አባ አላምረው አቤቱታቸውን ግማሽ ላይ ጥለውብኝ ወጡ። ጋሹም ተነሳብኝ። «ወይ ዊንዶውሱን መልሺ፣ ወይ ቤቱን የሞባይል ዕቃ መሸጫ አደርገዋለሁ» አለ። እንጀራዬ እኮ ነው! ልጆቼን በምን ላሳድግ?

በንዴት ሊኑክሱ ላይ ያንን ሁሉም የሚያውቀውን የዊንዶውስ ስዕል፣ አረንጓዴ ጉብታና ሰማያዊ ሰማዩን ለጠፍኩበት፤ ምልክቶቹንም አስመሰልኳቸው። ስዕል ብቻ! ሳምንት ሳይሞላ መቀመጫ ጠፋ።

«አየሽ?» አለኝ ጋሹ ደረቱን ነፍቶ፤ «ዊንዶውሱን ስትመልሺ ገበያው መጣ።»

«ምኑን መለስኩት? ስዕል ነው የቀየርኩት፣ አንተ!»

ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብሎ አየው። ከዚያ በሩን አየት አድርጎ፣ «በይ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ በሹክሹክታ።

ወላሂ ደሜ ፈላ! በተሰረቀው ስንሠራ በራችንን ከፍተን፣ ሳንሰርቅ ስንሠራ ልንደበቅ?

በማግስቱ አባ አላምረው ተመልሰው መጡ። «አሁን ገና ኮምፒውተር ሆነ!» ብለው አጠገቤ ተቀመጡና ስለተወሰደባቸው መሬት ማስጻፍ ጀመሩ። ያቺ «አሁን ገና» አንጀቴን አሳረረችው። ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ አቁሜ ስዕሉን አነሳሁት። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«ምን አደረግሽው?»

«ያን ጊዜ ጥለውት የሄዱት ይሄው ነው! ዛሬም ሲያስጽፉ የቆዩት በዚሁ ነው። ካልፈለጉ ይሂዱ!»

«አበድሽ እንዴ!» ጋሹ ከኋላዬ ጮኸ።

አባ አላምረው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የኔ ነገር አበቃ አልኩ። እሳቸው ግን ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ፈለጉ።

«ቃሌ አለ?»

«አለ።»

«የቱ ጋ ነው ያቆምነው?»

አሳየኋቸው። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ታዲያ ምን ያስጮህሻል? ጻፊ እንጂ! የዋጃ መኪና ሊያመልጠኝ ነው።»