ዳር የሚቆም ሰው

ዘይቱናን ጉልበቷ የከዳት በአንድ ቀን አይደለም። ሐይቅ ከተማ ገበያ ላይ እህልና በርበሬ ስትሸጥ፣ ጆንያ ስትጎትት፣ ጎንበስ ቀና ስትል የኖረች ሴት ናት። መጀመሪያ ዳገት ስትወጣ ቀኝ ጉልበቷን ይቆረጥማት ጀመር፤ ግራው ተከተለ። እያደር ሕመሙ ስትገላበጥ ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት ሆነ። ሶላቷን ወንበር ላይ ተቀምጣ መስገድ የጀመረች ዕለት ለማንም ሳትናገር አለቀሰች።

ልጇ ሂንድ ደሴ ወስዳ አስመረመረቻት። ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን አንስቶ፣ በአጥንቶቹ መካከል መኖር የነበረበት ልስልስ ነገር ተበልቶ ማለቁን አሳያቸው። መጨረሻው ቀዶ ሰው ሠራሽ ጉልበት መግጠም ሊሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን ስኳሯ ከፍ ያለ በመሆኑ ቁስሉ አልድን ብሎ እንዳያስቸግር እንደሚሰጋ ነገራቸው። ከዚያ በፊት መሞከር ያለበት ነገር አለ ብሎም ፋሲካ ወደምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላካቸው።

ፋሲካ ከየት እንደመጡ ጠየቀች። ከሐይቅ መሆናቸውን ስትሰማ፣ እንግዲያው መድኃኒቱ ደጃችሁ ነው አለቻቸው። ውሃ እስከ ደረት ሲይዝ የሰውነትን ክብደት እንደሚሸከም፣ ጉልበት ሳይጨነቅ የጭን ጡንቻ እንደሚጠነክር አስረዳች። በውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚራመዱ፣ እግርን እንዴት ወደ ጎን እንደሚከፍቱ፣ ጉልበትን እንዴት አጥፈው እንደሚዘረጉ እየሠራች አሳየቻት።

"ሁሉንም ሰው ያድናል አልልዎትም፣ እማማ" አለቻት። "ግን በዚህ ቀዶ ጥገናው የቆየላቸው አሉ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ብቻዎን እንዳይገቡ። ዳር ላይ ቆሞ የሚያይዎት ሰው ይኑር።"

ወደ ቤት ሲመለሱ ዘይቱና በመኪናው መስኮት ሐይቁን ስታይ መጣች። የምታስበው ጎረቤቷን ሙሉአለምን ነበር።

ዘይቱናና ሙሉአለም አጥራቸው አንድ ነው። ልጆቻቸውን አብረው አሳድገዋል፤ በሰርግም በለቅሶም አንዷ ያለ ሌላዋ ታይታ አታውቅም። የሙሉአለም የበኩር ልጅ ማዕረግ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በጨረሰ ሰሞን ሐይቁ ውስጥ ሊዋኝ ገብቶ አልወጣም። ብቻውን ነበር። መስጠሙ የታወቀው ልብሱ ድንጋይ ላይ እንደታጠፈ ስለተገኘ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙሉአለም ወደ ሐይቁ ወርዳ አታውቅም። የሐይቁን ዓሣ አትቀምስም፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ ውሃው በማይታይበት በኩል ዞራ ነው።

ሂንድ ለሙሉአለም እንንገራት ብትላት ዘይቱና አሻፈረኝ አለች። ልጅሽን የወሰደው ውሃ ለእኔ መድኃኒት ሆነ ብሎ መናገር አልሆንላት አለ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ታቹ ጠጠር የሆነ፣ ከሰው ዓይን በሸምበቆ የተከለለ ቦታ መረጡ። ሂንድ ሥራ ከመግባቷ በፊት ጠዋት ጠዋት ይዛት ትወርዳለች፤ ዘይቱና ቀሚሷንና ሻሿን እንዳደረገች ትገባለች። የመጀመሪያው ቀን ውሃው ወገቧን ሲያልፍ ሕመሙ ጋብ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ቀጥ ብላ ቆመች። ደስ ሊላት ሲል ማዕረግ ትዝ አላትና ደስታዋን ዋጠችው። ሙሉአለም በማለዳ የት እንደምትሄድ ስትጠይቃት ዘመድ ልጠይቅ ነው ትላታለች።

ቆይቶ ሂንድ ለሥልጠና ኮምቦልቻ ሄደች። እስክትመለስ ውሃ እንዳትገባ እናቷን አስምላት ነበር። ጥቂት ቀን እንዳቋረጠች ግን ጉልበቷ መልሶ ሲይዛት ዘይቱና ትዕግሥት አጣችና አንድ ጠዋት ብቻዋን ወረደች። ከለመደችው ጠጠር ትንሽ አለፍ ስትል እግሯ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ልታወጣው ስትታገል ወደቀች። ቀሚሷ እግሯ ላይ ተጠመጠመ፤ ውሃ አፏን ሞላው። ልጣራ ብትል ድምጿ አልወጣም።

ከኋላዋ አንድ እጅ ክንዷን አፈፍ አደረጋት። ወደ ዳር ተጎትታ ሳሏ ሲበርድላት ቀና ብላ ብታይ ሙሉአለም ናት። እስከ ደረቷ ርሳለች፤ ነጠላዋ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል።

ጠጠሩ ላይ ተቀመጡ። በኋላ ሙሉአለም ሁሉንም ነገረቻት። እርጥብ ቀሚስ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ታይ ስለነበር ነገሩ ዘመድ ጥየቃ እንዳልሆነ ከገባት ቆይቷል። ያን ጠዋት ግን ያለ ሂንድ ስትወርድ ስታያት አላስችል ብሏት ተከተለቻት፤ ሸምበቆው ጋ ስትደርስ እግሯ አልንቀሳቀስ ብሎ ቆማ ነበር።

"ለምን ደበቅሽኝ?" አለቻት።

"ምን ብዬ ልንገርሽ? በየትኛው አፌ?"

ሙሉአለም የቀሚሷን ጫፍ ጨመቀች። "ማዕረጌ ሲገባ ዳር ላይ ሰው አልነበረም። ሁልጊዜ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። አንድ ሰው ቆሞ ቢሆን..." አልጨረሰችውም።

ዘይቱና ተጠጋቻት። እጇን ያዘቻት።

"ከነገ ጀምሮ እኔ እቆማለሁ" አለች ሙሉአለም።

ቆመችም። መጀመሪያ መጀመሪያ ሸምበቆውን ጨብጣ ነበር የምትቆመው። ዓይኗን ከዘይቱና አትነቅልም፤ ዘይቱና ትንሽ ጎንበስ ካለች ስሟን ትጣራለች። ዘይቱና አዝናላት ይቅርብሽ ብትላት አልሰማ አለች። ሲቆይ ተቀምጣ ማውራት ጀመረች። ቤት ውስጥ ስሙን የማታነሳውን ልጅ እዚያ አነሳችው፤ ዋና የተማረው ከእሷ ተደብቆ እንደነበር፣ ሲቆጡት እንደሚስቅ፣ ፈተናውን አልፎ እንደነበር። ዘይቱና ውሃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተራመደች ትሰማታለች።

ክረምቱ አልፎ ደሴ ሲመለሱ ፋሲካ የጭኗን ጡንቻ ዳሰሰች፤ ቁጭ ብድግ አሰኘቻት። ሐኪሙም ጉልበቱ አዲስ እንዳልሆነ፣ አንድ ቀን ቀዶ ጥገናው ሊያስፈልግ እንደሚችል፣ አሁን ግን እንደማያስቸኩል ነገራት። ብርድ ሲሆን ያማታል። ጆንያ ማንሳቱን ለዘለዓለም ተወችው። ቢሆንም ገበያ በእግሯ ሄዳ ትመለሳለች፤ ሌሊቱንም ትተኛለች።

በጥቅምት ትኩሳት ይዟት ተኛች። ሙሉአለም በከንቱ ወርዳ እንዳትጠብቃት ሂንድን ላከችባት፤ ሂንድ ግን ቤቷ አጥታት ተመለሰች። ፀሐይ ከፍ ሲል ሙሉአለም ራሷ መጥታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ዘይቱና አየችው።

"ዛሬ ውሃው ይቀዘቅዛል" አለች ሙሉአለም ግንባሯን እየዳሰሰች። "ቢሻልሽም ነገ አንወርድም። ትንሽ ይሙቅ።"