ሦስት ቀዳዳ በአንድ ሳንቲም

ሠላሳ አንድ ዓመት በርና መስኮት ስሠራ የኖርኩ አናጢ ነኝ። በምኖርባት በፌርሊ ከተማ «ዱጊ የገጠመው በር ነፋስ አያስገባም» ይሉኛል። ይህን የምለው ጉራ ልነዛ ብዬ አይደለም። መለካት የማውቅ ሰው መሆኔን ካላወቃችሁ ያን በጋ ግራ የገባኝ ነገር አይገባችሁም።

ጥር ላይ ነው። ለሃያ ዓመት ስገዛው የኖርኩት የአደን ጥይት ከሱቅ ጠፋ። ባለሱቁ በምትኩ የሰጠኝን አልወደድኩትም። «ከእንግዲህስ የራሴን ራሴ እሞላለሁ» አልኩና ባዶ ቀለሆቼን ሰበሰብኩ፤ ባሩድና አረር ገዛሁ፤ መሙያውን መሣሪያ ከጎረቤቴ ከዊረሙ ተዋስኩ። ዊረሙ የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ነው። በወጣትነቱ ግጦሽ የሚጨርሰውን አጋዘን እንዲቀንስ መንግሥት ቀጥሮት ሲያድን ተራራ ላይ ነው የኖረው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ቀለሁን አጽድተህ ወደ ልኩ ትመልሳለህ፤ ቂጡ ላይ ባሩዱን የሚያቀጣጥል አዲስ መለኮሻ ትከታለህ፤ ባሩዱን በሚዛን ትለካለህ፤ አረሩን አፉ ላይ ትተክላለህ። ጭንቁ ልኩ ላይ ነው። ጠመንጃ እንደ ሰው ነው፤ የሚስማማውና የማይስማማው አለው። መጽሐፉ ከሚፈቅደው ሳታልፍ ባሩዱን ትንሽ ትንሽ እየለዋወጥክ በየልኩ ትሞላና መቶ ሜትር ላይ ወረቀት ተክለህ ሦስት ሦስት ጥይት ትተኩሳለህ። ቀዳዳዎቹ ከተጠጋጉ ተስማምቶታል። ከተበተኑ ሌላ ልክ ፈልግ ማለት ነው።

አምስት ዓይነት ልክ ሞልቼ አምስት ሣጥን ላይ ቁጥር ጻፍኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከበጎቹ ግጦሽ ዳር ጠረጴዛዬን አቁሜ፣ ጠመንጃዬን የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ ተኮስኩ። የአራተኛው ሣጥን ሦስት ቀዳዳዎች በአንድ ሳንቲም የሚሸፈኑ ሆኑ። ወረቀቱን ይዤ እንደ ልጅ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

«ግሌኒስ! እዪማ!»

ባለቤቴ ከምታጥበው ሳህን ቀና አለችና «ወረቀት በሳህ?» አለችኝ።

«አራተኛው ነው! ተገኘ!»

«እንኳን ተገኘ። በል አሁን ሳህኑን አድርቅ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለማረጋገጥ ያህል ያንኑ አራተኛ ሣጥን ተኮስኩ። ሦስቱ ቀዳዳዎች ተራርቀው መዳፌን የሚያህል ቦታ ያዙ። ወረቀቱን ገለባብጬ አየሁት። ያው ጠመንጃ፣ ያው ባሩድ፣ ያው እጅ። ነፋስ እንኳን አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ቅጡ ጠፋኝ። ሚዛኑን ጠረጠርኩና አዲስ ገዛሁ። የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር የያዙትን ብሎኖች ፈትቼ መልሼ አጠበቅኩ። ከአፈሙዙ ብረት ውስጥ ያለ ጥቀርሻ ይሆናል ብዬ እስኪያብረቀርቅ ወለወልኩ። ቀለሆቹን አንድ በአንድ መዝኜ ከበድ ያሉትን ለብቻ፣ ቀለል ያሉትን ለብቻ ለየሁ። አንዱን ቅዳሜ ጥሩ፣ ሁለቱን ቅዳሜ መጥፎ ይመታል። ሁለተኛው ሣጥን ጥሩ ነው ስል ይበላሻል። አምስተኛው የማይረባ ነው ብዬ ስተወው ሁለቱን ቀዳዳ አጣብቆ ሦስተኛውን እታች መሬት አጠገብ ይጥለዋል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ሌሊት ሳይቀር በሕልሜ ባሩድ እመዝን ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ ድመቷን የሚዛኑ አጠገብ ተኝታ አገኘኋትና ጥፋቱን ሁሉ በእሷ አላከክሁ።

«አሁንስ አበዛኸው» አለች ግሌኒስ። «በጸጉሯ ነው የሳትከው?»

«የሚዛኑ ትሪ ላይ ጸጉር ከወደቀ እኮ ይለወጣል!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሂድና ዊረሙን ጥራው። ድመቴን ግን ተዋት።»

የካቲት አጋማሽ ላይ ዊረሙ መጣ። ማስታወሻ ደብተሬን፣ ሣጥኖቹን፣ የተበሳሱትን ወረቀቶች ሁሉ ዘረገፍኩለት። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና ዘጋው።

«ከሁሉ የባሰብህ የትኛው ነው?»

«አምስተኛው።»

«እስቲ እሱን ስጠኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ፤ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሄደን አየን። ሦስቱ ቀዳዳዎች አንድ ላይ ተጣብቀዋል፤ ሳንቲም ቢቀመጥባቸው ይሸፈናሉ። አራተኛውንም ሞከረ፤ ያው ነው።

ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላውቅም ነበር። «እንዴት ነው ነገሩ?» አልኩት። «እኔ ላይ ሲሆን የሚበተነው ለምንድን ነው?»

«አሁን አንተ ተኩስ። እኔ አጎርስልሃለሁ» አለኝ።

ጥይቱን ራሱ ከቶ መቀርቀሪያውን ዘግቶ ጠመንጃውን ሰጠኝ። አነጣጠርኩ፤ ምላጩን ሳብኩ። ጮኸ፤ ደህና መታ። ደግሞ መቀርቀሪያውን ዘግቶ ሰጠኝ። አነጣጠርኩ፤ ምላጩን ሳብኩ፤ «ቀጭ» ብሎ ቀረ። ጥይት የለበትም። አፈሙዙ ግን አንድ ስንዝር ያህል ወደ መሬት ዘቅዝቋል፤ ትከሻዬ ወደ ፊት ሄዷል፤ ሁለቱም ዓይኖቼ ሳላውቀው ተጨፍነዋል።

ዊረሙ አልሳቀም። ባዶውንና ሙሉውን እያፈራረቀ ስድስት ጊዜ ያህል ደጋገመው። ባዶ በሆነ ቁጥር አፈሙዙ መሬት ይስማል።

«እየው፣ ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ባሩድህ ደህና ነው። ጥይቱ ሳይተኮስ ቀድመህ ትደነግጣለህ።»

«እኔ? አርባ ዓመት ሙሉ ስተኩስ ኖሬ?»

«ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ ብሎሃል ጠመንጃው።»

ይቺን ለቀልድ ነው ያላት። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ሰውን መጫወቻ ልታደርግ ነው የመጣኸው?» አልኩት። ሌላም ያልሆነ ነገር ተናገርኩ። ባርኔጣውን ወደ ፊት መልሶ «መሣሪያውን ስትጨርስ መልሰው» ብሎኝ ሄደ። ለዘጠኝ ቀን አልተነጋገርንም።

በእነዚያ ቀናት ባዶ ጠመንጃ ይዤ የመሥሪያ ክፍሌ ግድግዳ ላይ የተሳለች ነጥብ ላይ ማነጣጠር ያዝኩ። እኔ ራሴ ዓይኔ ሲጨፈን አይታወቀኝም። ለምን እንደምደነግጥም አላውቅም። ጠመንጃው አይመታኝ፣ ድምፁ አዲስ አይደለ።

አንድ ጠዋት ግሌኒስ ሻይ ይዛልኝ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። «ሚያዝያ ላይ ምን ሆነህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ።

«የቱ ሚያዝያ?»

«ያለፈው። ሳትኩት ብለህ ከአደን ባዶ እጅህን የመጣህ ጊዜ። ስቶ የመጣ ሰው ሁለት ቀን አይዘገይም፤ ሁለት ሳምንት ሥጋ አልበላም አይልም።»

ለማንም አልተናገርኩትም ነበር። ወንዙ ማዶ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን፣ በመራቢያቸው ወራት እንደሚያደርጉት እያገሳ ወጣ። ተኮስኩ። አልሳትኩትም፤ የፊት እግሩን ሰበርኩት። ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ሲጮህ ይሰማኛል፤ አላየውም። ሁለት ቀን ሙሉ ደሙን እየተከተልኩ ፈለግሁት። ዝናብ መጣና ዱካውን አጠበው። ጩኸቱም ቆመ። ጠፋኝ።

ይህን ስነግራት ሻዩ ቀዘቀዘ። «እና ከዚያ ወዲህ ነው?» አለች።

«አላውቅም። እውነቴን ነው፣ ግሌኒስ። ሁለቱ ነገር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም። ጥይቱ ነው ብዬ ነበር እኮ።»

«እንግዲያው ሂድና ለሽማግሌው ይቅርታ በለው። ይቺን እንኳ ታውቃለህ።»

ሄድኩ። ዊረሙ በረንዳው ላይ ድንች ይልጥ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ቢላውን ሳያስቀምጥ ሰማኝና «እኔ ስንት እንዲህ እንደቀሩብኝ ልንገርህ? ቆጥሬ አልጨርሳቸውም» አለ። «ያኔ መንግሥት የገደልነውን አጋዘን ጅራት ቆጥሮ ነው የሚከፍለን። ቆስሎ የሄደውን የሚጠይቅህ የለም። አሁን ግን ሲመሽ ይመጡብኛል።» ከዚያ ሁለተኛ ቢላ አቀበለኝና ድንቹን አብረን ላጥን።

ከማግስቱ ጀምሮ በትንሿ የጥንቸል ማደኛ ጠመንጃ አለማመደኝ። ብዙ ድምፅ የላትም፣ አትገፋም። በቀን ሠላሳ ጥይት። ቀጥሎ በትልቁ፣ አንድ ሙሉ፣ ሁለት ባዶ፤ የቱ እንደሆነ ሳይነግረኝ። አንዳንድ ቀን እስተካከላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ያው እሆናለሁ። ለምን ዛሬ ሆነ፣ ለምን ትናንት አልሆነም ብዬ ስጠይቀው «እኔ የት አውቄ! ዝም ብለህ ተኩስ» ይለኛል። መጋቢት ሲያልቅ አራተኛው ሣጥን በእኔም እጅ ተጠጋግቶ መታ። በዚያው ልክ አርባ ጥይት ሞላሁ።

ሚያዝያ ላይ አብረን ወጣን። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ አጋዘን ሰማንያ ሜትር ላይ ወጥቶ ጎኑን ሰጠን። መነጽሩ ውስጥ አስገባሁት። ጣቴ ምላጩን ሊነካ ሲል የዓይኔ ቆብ ሲከብደኝ ተሰማኝ። ጠመንጃውን ዝቅ አደረግሁ። አጋዘኑ አገሳና ሄደ። ዊረሙ ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳልኝ።

በማግስቱ ሌላ ወጣ፤ ከፊተኛው ያነሰ። ረጅም ትንፋሽ አወጣሁ። ምላጩን መቼ እንደሳብኩ አላስታውስም። ድምፁን የሰማሁት ከገደሉ ተመልሶ ሲመጣ ነው። አጋዘኑ በቆመበት ወደቀ፤ አንድ እርምጃ እንኳ አልሄደም። ሮጬ ስደርስ ሞቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ልበል አላለቀስኩም ልበል፣ ፊቴ ግን ረጥቦ ነበር።

«ዓይኔ ተጨፍኖ ነበር?» አልኩት ዊረሙን።

«አንተን ነው እንዴ የማየው? እሱን ነው ያየሁት። በል ተነሣ፣ ሥጋው ሳይበላሽ ቢላ አውጣ።»

ሥጋውን ተካፍለን ተሸክመን ወንዙን እየተሻገርን ስንወርድ ግሌኒስ መኪናው ዘንድ ቆማ ትጠብቀን ነበር። የጀርባዬን ሸክም አይታ ተቀበለችኝ።

«እህ፣ ጥይትህ ሠራ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው የተኮስኩት» አልኳት። «በአንድ ቀዳዳ ምን ይታወቃል?»