ለኢዩኤል ሲባል ያለፈች አድራሻ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ፣ ጀበል በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የኢሜይል ሰርቨሩ ኃላፊ ሠርፀ ነበር። ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ የማጭበርበሪያ ኢሜይል ሠራተኛውን ቢያስቸግር፣ ሰርቨሩ የላኪው ዶሜይን፣ ማለትም በአድራሻው ላይ ከ@ ቀጥሎ ያለው ስም፣ በእርግጥ ተመዝግቦ መኖሩን እያጣራ የሌለውን እንዲመልስ አደረገ። ቢሮው እፎይ አለ።

በሳምንቱ ኢዩኤል መጣ። ሁለቱ አብረው ይሠራሉ፤ ጉዴሌ ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያመልካሉ። ሠርፀ በወባ የወደቀ ጊዜ አዝሎ ክሊኒክ ያደረሰው ኢዩኤል ነው።

«የአክስቴ ልጅ ድርጅት ዶሜይኑን ሳያሳድስ ቀርቶ፣ የሚልክልኝ ሁሉ እየተመለሰበት ነው። እባክህ የእሱን ብቻ አሳልፍልኝ» አለው።

ደንቡ አይፈቅድም። ግን ኢዩኤልን እምቢ ማለት አልሆነለትም፤ የዘመዱን አድራሻ ከእገዳው ነፃ አደረጋት።

ከወር በኋላ የቢሮው ኃላፊ ጀንነት አስጠራችው። ጋምቤላ ያደገች ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ አማርኛዋ ከእሱ አይተናነስም። ስም የሌለው ኢሜይል አሳየችው። «ሠርፀ የሠራተኞችን ደብዳቤ ተደብቆ ያነባል» ይላል።

«እውነት ነው?»

የሠርፀ ዓይን ግን የላኪው አድራሻ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ያቺው ናት። መፈቀዷን ከእሱና ከኢዩኤል በቀር የሚያውቅ የለም።

«የሰርቨሩን መዝገብ አይቼ ልመለስ» አላት።

ኢሜይሉ ከውጭ አልመጣም። የዘመዱ አድራሻ ለሽፋን ተለጥፎበት የተላከው እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ከኢዩኤል ላፕቶፕ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየው።

ኢዩኤልን ግቢው ውስጥ፣ ጀነሬተሩ አጠገብ አገኘው።

«ኢዩ፣ ምን በደልኩህ?»

ሊክድ አፉን ከፍቶ ተወው። «የሚታደሰው የአንዳችን ኮንትራት ብቻ ነው አሉኝ። አንተ ልጅ የለህ፣ ሚስት የለህ፤ እኔ ግን አገር ቤት እጄን የሚጠብቁ አሉ...»

«ብትነግረኝ እኮ እለቅልህ ነበር!»

ሠርፀ ማስረጃውን ለጀንነት ሰጣት፤ ያቺን አድራሻ ያሳለፋት ራሱ መሆኑንም አልደበቀም። ኢዩኤል ከሥራ ተሰናበተ፤ ሠርፀም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሰላምታ የሰጠው ሰው አልነበረም። ኢዩኤል ቀድሞት ደርሶ፣ ወንድሜ ከሰሰኝ፣ ከእንጀራዬ አፈናቀለኝ ብሎ እያለቀሰ ለምእመኑ ነግሯል። ሽማግሌው ማይክራፎኑን ይዘው፣ «ለተገፋው ወንድማችን እንጸልይ» አሉ።

ሠርፀ ከሕዝቡ ጋር ዓይኑን ጨፈነ። «አሜን» ማለት ግን አቃተው።