ሻሽ የሌለበት ፎቶ

ሻሹን ያወለቀችው እሷ አይደለችም። ሻሹማ አንገቷ ላይ ነበር፤ እንደ ወትሮው ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ ከጆሮዋ ሥር በመርፌ ቁልፍ ተይዞ። ሆኖም በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ለማጠናከሪያ ትምህርት ከመጡት ተማሪዎች የአገኘሁሽን አንገት ያላየ አልነበረም።

ጓደኛዋ እየሩስ ስልኳን ዘረጋችላት። «አንች ነሽ?» አለቻት በሹክሹክታ። የምትለው ጠፍቷት እንጂ መልሱን ታውቀዋለች።

ፎቶው ላይ አገኘሁሽ ትስቃለች። ፀጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ዓይኖቿ ተጨፍነዋል፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ከአገጯ እስከ አንገቷ ሥር የወረደው ነጭ ለምጽ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍል ልጆች የደበቀችው፣ ፀሐይ አርፎበት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ለምጽ፣ ቁርጥማት፣ የቆዳ በሽታ ያለባችሁ! በየሳምንቱ ወደ ወንዛዬ ፍልውሃ እንወስዳለን። ደሳለው ሞባይል።» ስልክ ቁጥርም አለው። ሰው የሞተ ይመስል የዋሽንት ዜማም ገብቶበታል። «የማን ልጅ ናት?» ብሎ አንዱ ጠይቋል። ሌላው የአባቷን ስም ከነቀበሌው ጽፎ መልሶለታል። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!

የባዮሎጂው መምህር ማረው ሹክሹክታው አላስተምር ሲላቸው ስልኩን ተቀብለው አዩት። አገኘሁሽ ዝም ብለው እንዲያልፉት ለመነች፤ በልቧ። እሳቸው ግን ጠመኔ አነሱ።

«ተማሪዎች፣ ለምጽ ተላላፊ አይደለም። አገኘሁሽ፣ እስኪ ተነሽ። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።»

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ በሆዷ ትሰድባቸው ነበር። አርባ ጥንድ ዓይን ሻሿን ሲመረምር ተነሥታ ቆመች። ከዚያ ደብተሯን ሰብስባ፣ ሳታስፈቅድ፣ በሩን ክፍት ትታው ወጣች።

መንገድ ላይ ባጃጆቹ «ገበያ! ገበያ!» እያሉ ጥሩንባ ቢነፉባትም ዞር ብላ አላየቻቸውም። በእግሯ መሄድ ነበረባት፤ ንዴቱ መቀመጥ አይፈቅድላትም።

እነአገኘሁሽ ወንዛዬ የሄዱት ለእናቷ ለእናትነሽ ጉልበት ብለው ነበር። ፎቶውን ያነሳቻት ታናሽ እህቷ መስከረም ናት። ፍልውሃው ዘንድ ሻሽ የሚያስር የለም። ቁስለኛው፣ ጉልበቱ የከዳው፣ ቆዳው የተላጠው ጎን ለጎን ይታጠባል፤ አንዱ የሌላውን ገላ አይቶ እንዳላየ ይሆናል። አገሩ ተመልሶ «እገሌን እንዲህ ሆኖ አየሁት» የሚል የለም። ማንም አልደነገገውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። አገኘሁሽ ያን ቀን አንገት እንዳላት እንኳ ረስታ ነበር። ፎቶውን ያላጠፋችውም ለዚያ ነው። ብቻዋን ስትሆን ከፍታ ታየዋለች፤ ይችም እኔ ነኝ ትላለች። ለማንም ልካው አታውቅም።

ባለ ስልክ ሱቁ ደሳለው እጅ እንዴት እንደገባ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ሐሙስ ዕለት እናቷ «ጾሙ ሊገባ ነው፤ መዝሙር ላስጭን» ብላ የአገኘሁሽን ስልክ ይዛ ወጥታ ነበር። ወረታ ገበያ ስልክን ለሱቅ መስጠት እህልን ለወፍጮ ቤት እንደመስጠት ነው፤ ሰጥተው፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው፣ ተመልሰው ይወስዱታል። ወፍጮ ቤት ግን የሰው እህል ለመንገደኛ አይበትንም። እናትነሽ የምስጢር ቁጥሩንም ሳትነግረው አልቀረችም። ፊደል ያልቆጠረች ሴት አራት ቁጥር በቃሏ መያዟ ያኮራት ነበር።

ደሳለው ሱቅ ደጃፍ እንደ ወትሮው ቅዳሜ ሰልፍ ነበር። ስልካቸውን በመሐረብ ቋጥረው ያመጡ የገጠር ሴቶች፣ አንዲት እማሆይም፣ ተራ ይጠብቃሉ። ደሳለው የተቀበላቸውን ስልኮች የባንኮኒው መስታወት ላይ ደርድሯቸዋል። አገኘሁሽ ሰልፉን አልፋ ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ ደሳለው፣ ፎቶዬን አጥፋ።»

«እንዴ! ታዋቂ አደረግሁሽ እኮ። ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። በአንች ሰበብ ስንት በሽተኛ ሊድን ነው!»

«ማን ፈቀደልህ?»

ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ስልኩን ከነቁጥሩ ያመጣችልኝ እናትሽ ናት። ሽንኩርት ተራ ናት አይደል? ልጥራትና ሰው ፊት ልንገራት?»

አገኘሁሽ ወደ ሽንኩርት ተራው ዞራ አየች። እናቷን ታውቃታለች፤ ይህን ብትሰማ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አይወስዳትም። ከፎቶው ይልቅ ይህ አንገበገባት፤ ሰውዬው በየት በኩል እንደምትያዝ ማወቁ።

እናትነሽ ግን ሳትጠራ መጣች። ሽንኩርት ተራ ውስጥ አንዱ ደንበኛ ፎቶውን አሳይቷት፣ ልጇም ሱቁ ደጃፍ እንዳለች ነግሯት ኖሮ፣ እጇ አፈር እንደሆነ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ቀሚሷ ላይ እንደተጣበቀ ሰልፉን ሰንጥቃ ደረሰች።

«ምን ሁነሽ ነው አንች? ማን ልቀቂው አለሽ? ስንት ዘመን የሸፈንሁትን ገመና! አባትሽ ቢሰማ ምን ልበለው?»

ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቃት እሷን ነው። ለምን ተነሳሽ፣ ለምን ለቀቅሽ፣ ለምን ደበቅሽ። የወሰደውን የሚጠይቅ አንድ እንኳ አልተገኘም። አሁን መልሱ ምላሷ ላይ ነው፤ አንች ነሽ የሰጠሽው፣ እማ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዋጠችው።

«እኔ አልለቀቅሁትም፣ እማ።»

«ታዲያ ማን?»

«እሱ። ከስልኬ ውስጥ አውጥቶ።» ጣቷን ቀሰረችበት።

ሰልፉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ደሳለው ዙሪያውን አየና ተቆጣ።

«እኔ ሌባ አይደለሁም! እትዬ እናትነሽ፣ ሐሙስ ዕለት ስልኩን ማን ሰጠኝ? ቁጥሩንስ ማን ነገረኝ? እርስዎ አይደሉም?»

እናትነሽ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ልጇን አየቻት። አገኘሁሽ መሬት መሬቱን ስታይ ጊዜ፣ ልጅቱ ይህን ታውቅ እንደነበርና ለእሷ ብላ ዝም እንዳለች ገባት። የእናትየው ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ ወደ መስታወቱ ተጠጋች።

«ሰጥቸሃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «መዝሙር ጫንልኝ ብየ ሰጥቸሃለሁ። ልጄን ግን አልሰጠሁህም።»

 ከሰልፉ መጀመሪያ እጃቸውን የዘረጉት እማሆይ ናቸው። «የእኔን መልስልኝ፣ ልጄ» አሉት። አንዲት ነጠላ ያገለደመች ሴት ተከተለች። ከዚያ ሌላዋ። መስታወቱ ላይ የተደረደሩት ስልኮች አንድ በአንድ ተነሡ። ደሳለው ላብ አጥምቆት የራሱን ስልክ ነካ ነካ አድርጎ ወደ እነሱ አዞረው።

«ይኸው! አጠፋሁት። አሁንስ በቃችሁ?»

ገጹ ላይ ፎቶውም ዋሽንቱም የለም። በዚያው ቅጽበት አገኘሁሽ እጅ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረ። እየሩስ ናት። «ሐሙሲት ከተማ ያለችው ያክስቴ ልጅ ፎቶሽን አሁን ላከችልኝ። ከማን እንዳገኘችው አላውቅም» ይላል።

እናትነሽ ባዶውን ገጽ ትክ ብላ አየችው። ማንበብ ስለማትችል ወደ ልጇ ዞረች። ሴቶቹም ስልካቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ሳይሄዱ፣ መልሷን ይጠብቃሉ።

«ጠፋ?» አለች እናትነሽ።

አገኘሁሽ ስልኩን አጥብቃ ጨበጠች።

«ጠፋ ወይ፣ ልጄ?»