የበየነች ጊደር

እትዬ በየነች ማንንም አታምንም። ገበያ ወጥታ ቅቤ ስትገዛ ካላሸተተችና ጣቷን እስከ ታች ካልሰደደች ሰላምታም አትሰጥም። እኔ ይሄይስ በቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ተጠራጣሪ ብዙ አይቻለሁ። እሷ ግን ያን ዕለት ከመቀመጧ በፊት ወንበሬን ገልብጣ አየችው።

«ካሣዬን ልከሰው ነው» አለችኝ። «ጊደሬን ሸጦ በላ።»

ነገሩን አውቀው ነበር። ላሟን ለጎረቤቷ ለካሣዬ በርቢ ሰጥታዋለች፤ እሱ ይቀልባል፣ ወተቱን ይጠጣል፣ ጥጃውን ተራ በተራ ይካፈላሉ። የመጀመሪያዋ ጊደር የበየነች ነበረች። ወልዳ ስትታለብ እናቱ የሞተችበትን የልጅ ልጇን ላሳድግባት ብላ ስትጠብቅ፣ ክረምት ላይ ጊደሯ በገንዲ በሽታ ሞተች የሚል ወሬ ደረሳት።

«ከሞተች ቆዳዋ የታለ?»

እውነቷን ነው። የርቢ ከብት ሲሞት ያዡ ቆዳውን ከነጆሮው ለባለቤቱ ያስረክባል። ባለቤቱ ጆሮው ላይ ያለውን ምልክት ያይና ነገሩ በዚያው ያልቃል። ቆዳ ያላመጣ ሰው ሌባ ነው፤ እኔም በልቤ ካሣዬን ሌባ አልኩት።

«ሽማግሌ አይሻልሽም?»

«ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን የሚጠጡት እሱ ቤት ነው።»

«ጠበቃስ?»

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ራሴ እከራከራለሁ። አንተ ያልኩህን ብቻ ጻፍ።»

ጻፍኩላት። ልጨርስ ስል ግራ ቀኙን አይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ይሄንንም ጨምር። እኔንም ሊያጠፋኝ መተት ሰቅሎብኛል።»

«እትዬ፣ እሱን ተይው፤ ከክሱ ጋር አይሄድም። ይጎዳሻል።»

ትኩር ብላ አየችኝ። «ስንት ሰጠህ?»

ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ «በአፌ እናገረዋለሁ!» ብላ ገባች። እኔም ንዴቴ አልበርድ ስላለ፣ በቀጠሮው ቀን ጉዷን ልይ ብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ዳኛዋ ወይዘሮ ማናልሞሽ ለመስማት አንገታቸውን አስግገዋል። በየነች ግን ከጠበቃ አታንስም ነበር፤ ስለ ላሟ፣ ስለ ውላቸው፣ ስላልመጣው ቆዳ ስትናገር ሰው ሁሉ ካሣዬን በክፉ ዓይን አየው። እሱ አቀርቅሮ ባርኔጣውን ያሻሻል። እዚያ ላይ ብታቆም ረትታ ነበር።

«አንድ ይቀረኛል» አለች። «በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ በገመድ የታሰረ ነገር የቤቴ በር ላይ ሰቅሎብኛል። ይከረፋል፤ ደም ያዣል። ሳልፈታው በዱላ አንጠልጥዬ ገደል ሰደድኩት። መተት ካልሆነ ምንድን ነው?»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ሲመሽ መጥቶ በሩን ሲመታ፣ ስሜን ሲጠራ ሰማሁታ! ድምፁን አልስተውም።»

«ለምን አልከፈትሽለትም?»

«እንዴት አምኜው?»

ካሣዬ ቀና አለ። «እትዬ፣ ቤት ነበርሽ? የለችም ብዬ እኮ ነው የሰቀልኩት። ቆዳዋ ነው። እንዳትቸገሪ ጆሮዋን ከላይ አድርጌ ነበር። እስካሁን ደርሶሻል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

«ውሸት ነው!» አለች። ቀጥላ ግን እጇን አየችው፤ ቅጠሉን በዱላ ያነሳችበትን እጇን። ዳኛዋ መዝገቡን ሲዘጉት እንኳ አልተቃወመችም። ቅር ያሰኘችኝን ያህል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አሳዘነችኝ።

ዝናቡ እስኪያባራ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመን ሳለ ካሣዬ መጣ። በየነች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ላሟ ከብዳለች» አላት። «ተራው የኔ ነው፤ ግን የሚወለደው ያንቺ ይሁን። ያ ልጅ ወተት ይጠጣ።»

ዓይኖቿ ፊቱን ፈተሹት። ምን አስበህ ነው ልትለው ነው ብዬ ተሳቀቅኩ። አላለችም።

«ስትወልድ መጥቼ እጠራሻለሁ» አለ። «ክፈቺልኝ ብቻ።»

ዝናቡ እያባራ ነበር። እሷም መንገዱን ከጀመረች በኋላ ዞር አለች።

«ማን ነህ ብል አትቀየመኝ» አለችው።